የደሴቲቱ ባላደራና ሦስቱ ቤቶች

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤታችሁ የባለጕዳይ ማመልከቻ ስትመረምሩ የምትውሉ ስለ ሆናችሁ፥ አንድ ዐይነት ክርክር ደጋግማችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አንደኛው ባለጕዳይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ወረቀት የለውም፤ ነገር ግን በእጁ የተከለውን ዛፍ፥ ልጆቹ የተወለዱበትን ቤትና የሙታኑን መቃብር ይጠቁማል። ወረቀት የያዘው ሰው ምናልባት መሬቱን በዐይኑ አይቶት አያውቅም፤ መሬቱን የሚያውቀው ደግሞ ወረቀቱን ማንበብ የተሳነው ይሆናል። ዛሬ የማጫውታችሁ የዚህ ዐይነት ክርክር ነው፤ የሆነው ግን ከእኛ እጅግ በራቀ ስፍራ፥ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል፥ ሰባት ጋሻ መሬት በማትሞላ ደሴት ላይ ነው። ዘመኑን የምጠራው ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ።

የዓለም ካርታ ያላችሁ ዘርጉት። ሃዋይን በሰሜን፥ ኒው ዚላንድን በደቡብ ምዕራብ፥ ኢስተር የምትባለውን ብቸኛ ደሴት በምሥራቅ አድርጋችሁ ሦስቱን በመስመር ብታገናኙ፥ በመስመሩ ውስጥ የሚወድቀው ሰፊ ባሕር የፖሊኔዥያ ሕዝብ አገር ነው። ባሕሩን አገር ማለቴ አይድነቃችሁ። ይህ ሕዝብ ኮከብና ማዕበል እየተመለከተ በታንኳ ከደሴት ወደ ደሴት ሲሻገር የኖረ ስለ ሆነ፥ ባሕር መንገዱ እንጂ አጥሩ አልነበረም። መሬትን ግን እንደ ሸቀጥ አይቈጥረውም ነበር። መሬት የትውልድ ነገር ነው፤ ሰው ድርሻ የሚያገኘው በእናቱ ወይም በአባቱ በኩል የዚያ ዘር መሆኑን ቈጥሮ ነው። አባቶቻችን ርስት ሲሉት የኖሩትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት የኮኮነት ዘይትና የሉል ዛጎል ፍለጋ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡት ነጋዴዎች አንድ ነገር ቶሎ ገባቸው፤ ከአገሩ ዘር ጋር ካልተዛመዱ ንግዳቸው ሥር አይሰድም።

ከእነዚህ ነጋዴዎች የአንዱን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለዋናው ታሪካችን በር ይከፍትልናልና። በታሂቲ ደሴት አሌክሳንደር ሳልሞን የሚባል ከለንደን የመጣ አይሁዳዊ ነጋዴ ነበር። በ1842 ከደሴቲቱ ታላላቅ ቤቶች የአንዱ ወራሽ የሆኑትን ወይዘሮ አሪኢ ታይማኢን ሊያገባ ፈለገ። ዳሩ ግን የውጭ አገር ሰው ከአገሬው ሰው ጋር እንዳይጋባ የሚከለክል ሕግ ነበረ። ንግሥት ፖማሬ ሕጉን ለሦስት ቀን አገዱት፤ በሦስቱ ቀን ውስጥ ጋብቻው ተፈጸመ፤ ሕጉም ተመልሶ ጸና። ሕግን ለሦስት ቀን ማሳረፍ በእኛም ዘንድ ቢቻል ኖሮ ስንት ባለጕዳይ በተደሰተ ነበር! የዚህ ጋብቻ የበኵር ልጅ ቲታዋ በ1856፥ ገና ለጋ ልጅ ሳለች፥ ጆን ብራንደር ለሚባል ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ተዳረች። ታናሽ እኅቷ ማራው ደግሞ ኋላ የታሂቲ የመጨረሻው ንጉሥ፥ የአምስተኛው ፖማሬ ሚስት ሆነች። እንግዲህ ብራንደር በአንድ ወገን ባለብዙ መርከብ፥ በሌላ ወገን የመሳፍንት አማች ነበረና፥ በዚያ ባሕር ላይ ስሙን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም።

የብራንደር መርከቦች ከሚደርሱባቸው ስፍራዎች አንዲቱ ፓልመርስተን የምትባል ደሴት ነበረች። ደሴት እንበላት እንጂ ነገሩ ከባሕር በታች የበቀለ የኮራል ድንጋይ ክብ ቅጥር ነው። በቅጥሩ ላይ እዚህም እዚያም አሸዋ ተከምሮ ትንንሽ ደሴቶች ሆኖአል፤ በመካከሉ የተረጋጋ ባሕር አለ። ምንጭ የለም፤ ወንዝ የለም፤ የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ነው። ትልቅ መርከብ ቅጥሩን አልፎ መግባት አይችልም፤ ከውጭ ቆሞ ጭነቱን በጀልባ ያወርዳል። የእንግሊዙ መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በ1774 በሩቅ አይቷት ስም አወጣላት፤ በ1777 ተመልሶ ሲመጣ ሰዎቹ ወረዱባት፥ የሚኖርባት ሰው ግን አላገኙም። ለነጋዴ የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ እርሱም ኮኮነት ነው።

ብራንደር ይህች ደሴት የእኔ ናት ይል ነበር። ታሂቲ ተቀምጦ ግን ኮኮነት ሊለቅም አይችልምና፥ በ1863 ዊልያም ማርስተርስ የሚባል እንግሊዛዊ ባላደራ አድርጎ አስቀመጠባት። በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ልከው መልሱን የሚጠባበቁበት ጊዜ ነበር። ማርስተርስ በሥራው የመርከብ አናጢና በርሜል ሠሪ ነው። የተማረ ሰው አልነበረም፥ የመሳፍንትም አማች አልነበረም። ይሁን እንጂ የበርሜል ሥራ ዕውቀቱ እዚያ ስፍራ ከወርቅ ይበልጥ ነበር፤ የኮኮነት ዘይት የሚጓዘው በበርሜል ነውና።

ማርስተርስ ወደ ደሴቲቱ ሲሻገር ብቻውን አልመጣም። ፔንሪን ከምትባለው፥ የአገሬው ሰው ቶንጋሬቫ ከሚላት ደሴት የተወለዱ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አብረውት ነበሩ፤ አካካኢንጋሮና ቴፖው። ኋላም ማታቪያ የምትባል ሦስተኛ ሴት ጨመረ። በእኛ ሃይማኖትና በእኛ ሥርዐት ይህ የሚመሰገን ነገር አይደለም፤ እኔም ላመሰግነው አልተነሣሁም። ነገር ግን ስለ ሴቶቹ ጥቂት ቃል ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ማጕደል ይሆንብኛል።

ፔንሪን በዚያው ዘመን መከራ የደረሰባት አገር ነበረች። በ1862ና በ1863 ከፔሩ የመጡ መርከቦች ሥራ እንሰጣችኋለን እያሉ በመቶ የሚቈጠሩትን የደሴቲቱን ሰዎች ጭነው ወሰዱ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። እነዚህ ሴቶች የመጡት ከእንደዚህ ያለ አገር ነው። ፔንሪንም እንደ ፓልመርስተን የኮራል ቅጥር ናት። እንግዲህ ፍረዱ፤ በእንደዚህ ያለ አሸዋ ላይ ሰው እንዴት እንደሚኖር፥ የትኛው ዓሣ በየትኛው ጨረቃ እንደሚቀርብ፥ የኮኮነት ቅጠል እንዴት ተጠልፎ ጣራና ምንጣፍ እንደሚሆን ያውቅ የነበረው ማን ነው? እንግሊዛዊው አናጢ ነው ወይስ የቶንጋሬቫ ልጆች? መዝገብ የእርሱን ስም ያነሣል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ደሴቲቱን አገር ያደረጓት ሴቶቹ ናቸው።

ሥራው ከባድ ነበር። ኮኮነቱ ይለቀማል፥ ይፈለጣል፥ ሥጋው ይደርቃል ወይም ዘይቱ ይወጣል፤ ከዚያ የመርከብ መምጣት ይጠበቃል። በመጀመሪያው ጊዜ የጌታው መርከብ ከታሂቲ እየመጣ ዘይቱን ወስዶ ዱቄትና ጨርቅ፥ ምስማርና መሣሪያ ይሰጥ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን መምጣቱ እየተቋረጠ ሄደ። በዚህ ጊዜ ሌላ ቅጥር ሠራተኛ ቢሆን ያለፈውን መርከብ ጠርቶ ተሳፍሮ በሄደ ነበር። ማርስተርስ አልሄደም። ዛፍ መትከሉን ቀጠለ፤ ለሚያልፍ መርከብ በራሱ እጅ መሸጥና መለወጥ ጀመረ፤ ባሕር ከሰበራቸው መርከቦች የተገኘውን ግዙፍ እንጨት አሰባስቦ ቤት ሠራ። ያ ቤት ማዕበልን ተቋቁሞ ከእርሱ በኋላ ለብዙ ዘመን ቆየ። ባላደራው ባለቤት የሆነበት ቀን የትኛው እንደ ሆነ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ምናልባት እርሱ ራሱም አላወቀውም።

ከሦስቱ ሴቶች ሃያ የሚያህሉ ልጆች ተወለዱለት። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ አባት፥ ሦስት እናቶች፥ እጅግ ጠባብ መሬት። በየአገሩ የእንጀራ ወንድማማቾች በውርስ ምክንያት ስንት ደም እንዳፋሰሱ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ማርስተርስ ግን ገና በሕይወቱ ሳለ መሬቱን በሦስት ከፈለው፤ ለልጆቹ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን ለሦስቱ እናቶች ቤት። መኖሪያ የሆነችው ትልቋ ደሴት በሦስት ተሸነሸነች፤ ሰው የማይኖርባቸው ትንንሾቹም እንዲሁ ተደለደሉ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አለቃ አለው፤ የጋራው ጕዳይ የሦስቱ ቤት ሰዎች በተገኙበት ይመከራል። ይህ አከፋፈል ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የደሴቲቱም ምክር ቤት የሚቆመው በእነዚሁ በሦስቱ ቤቶች ላይ ነው።

ለጋብቻም ሕግ አወጣ። ከአንድ እናት ቤት የተወለዱ እርስ በርሳቸው አይጋቡም፤ ወንዱ ከሌላው ቤት ወይም ከውጭ አገር ያግባ፤ ሴቲቱም እንዲሁ። እስከ ሰባት ቤት ቈጥሮ የሚጋባ የእኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሦስቱም ቤቶች በአባት አንድ ናቸውና። እኔም ነቅንቄአለሁ። ሆኖም ጎረቤቱ በባሕር እጅግ ርቆ ለሚኖር ጥቂት ሰው ሰባት ቤት መቍጠር ከየት ይመጣል? ሰውየው ፈጽሞ መከልከልም ፈጽሞ መፍቀድም አልተቻለውምና የሚቻለውን ያህል አጥር አጠረ።

ሦስተኛው ሕግ የቋንቋ ነው። በቤቱ እንግሊዝኛ እንዲነገር አዘዘ። ልጆቹ ግን ጡት የጠቡት ከፖሊኔዥያ እናቶች ስለ ሆነ፥ የአባታቸውን የገጠር እንግሊዝኛ ከእናቶቻቸው ቋንቋ ጋር ቀላቅለው የራሳቸው የሆነ አነጋገር አወጡ። በዙሪያቸው ያሉት የኩክ ደሴቶች ሕዝብ ማኦሪ የሚባል የራሱን ቋንቋ ሲናገር፥ ፓልመርስተን ዛሬም በእንግሊዝኛ ትናገራለች። የቋንቋ ሊቃውንትም ይህን አነጋገር ለመመርመር ባሕር አቋርጠው ሄደዋል። ሰንበትንም አጥብቀው ያከብራሉ፤ በእሑድ ቀን መረብ አይጣልም።

ማርስተርስ በ1899 በግንቦት ወር ሞተና በዚያው በደሴቲቱ ተቀበረ። የሞተው ግን ደሴቲቱ የእርሱ መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት ሳያገኝ ነው።

የወረቀቱ ነገር እንደሚከተለው ነው። ጌታው ብራንደር በ1877 ሞቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ደሴቲቱ የማን ናት የሚል ክርክር ተነሣ። የብራንደር ወገን ይዞታው የንግድ ቤቱ ነው፥ ማርስተርስ ቅጥረኛ ነበር ይላል። ማርስተርስ ይህን ያህል ዓመት ተቀምጬ ተክዬአለሁ፥ ወልጄአለሁ ይላል። በ1891 የእንግሊዝ መንግሥት ደሴቲቱን በግዛቱ ውስጥ አገባት፤ ማርስተርስም እንዲቀመጥባት ተፈቀደለት፤ ነገር ግን የተሰጠው ፈቃድ ዘመኑ የተወሰነ የኪራይ ፈቃድ እንጂ የባለቤትነት ጽሑፍ አልነበረም። ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1901፥ የኩክ ደሴቶች ለኒው ዚላንድ አስተዳደር ተላለፉ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ አባታቸው በከፈለላቸው ድርሻ ላይ፥ ነገር ግን በሌላ ሰው ወረቀት ሥር ኖሩ። በ1926 ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ደሴቲቱን አወደማት። እነርሱም ቤታቸውን መልሰው ሠሩ፥ ዛፋቸውንም መልሰው ተከሉ።

ጽሑፉ የመጣው በ1954 ነው። በኒው ዚላንድ ሕግ ደሴቲቱ የዊልያም ማርስተርስ ዘሮች ሙሉ ይዞታ እንድትሆን ተወሰነ። ባላደራው ከገባ 91 ዓመት፥ ከሞተም 55 ዓመት ሆኖታል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት እንዲህ ላለው ሳይሆን አይቀርም፤ ምንም እንኳ የዚህኛው ባለቤት ርስቱን የተቀበለው ከአባት ሳይሆን ከደመወዝ ከፋይ ቢሆንም። በዚያን ጊዜ ከማርስተርስ ልጆች በሕይወት የነበረች ሴት ልጅ ነበረች፤ እርሷም እስከ 1973 ኖራለች። አባቷ ያላየውን ወረቀት ደረሰችበት።

የጌታው ቤትስ ወዴት ደረሰ? የብራንደር ንብረት ከሞቱ በኋላ በክርክርና በሽያጭ ተበታተነ። ባለቤቱ ቲታዋ በ1878 ጆርጅ ዳርሲ የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ አግብታ በ1892 ወደ ስኮትላንድ ሄደች፤ በዚያም ብርድ በበዛበት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ተቀምጣ በ1898 ዐረፈች። የእኅቷ ባል አምስተኛው ፖማሬ በ1880 መንግሥቱን ለፈረንሳይ አስረክቦ ነበር። በዚያ ባሕር ላይ ወረቀትና ማዕረግ የነበራቸው እነዚህ ናቸው። በርሜል ሠሪው የተቀበረበትን መሬት ግን ልጆቹ ዛሬም ይረግጡታል። ከዘሩም ቶም ማርስተርስ የሚባሉት ሰው በ2013 በኩክ ደሴቶች የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ ሆነው ተሾመዋል።

የደሴቲቱ ሰዎች ኑሮ ዛሬም ቀላል አይደለም። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ስንቅ የሚያመጣ መርከብ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይደርሳል። ከቅጥሩ ውስጥ ያጠመዱትን ዓሣ በበረዶ አቀዝቅዘው ወደ ራሮቶንጋ ይልካሉ። የባሕር ወፍ ጫጩት የሚያዝበት ወቅት ሲደርስ የተያዘው ኹሉ በአንድነት ተሰብስቦ በሰው ልክ እኩል ይከፈላል፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንድ ድርሻ አለው። በነፋስ ሸራ የሚጓዝ መንገደኛ ከቅጥሩ ውጭ በታየ ጊዜ ደግሞ የየቤቱ ሰዎች በጀልባ ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ቤት እንግዳውን ወስዶ እስኪሄድ ድረስ ያበላዋል፥ ያጠጣዋል። እንግዳ ለመቀበል መሽቀዳደም ማለት እንዲህ ነው።

የሚያስቸግራቸው ሌላ ነገር ነው። በ2013 በደሴቲቱ ላይ የነበሩት ስድሳ ያህል ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፥ ከጥቂቶች በቀር ኹሉም የዚያ አንድ ሰው ዘሮች ነበሩ፤ ከዚያም ወዲህ ቍጥሩ ቀንሶአል። ማርስተርስ የሚባለውን ስም የያዙት ግን በራሮቶንጋ፥ በኒው ዚላንድና በአውስትራሊያ በሺህ ይቈጠራሉ። ልጆቹ ለከፍተኛ ትምህርትና ለሥራ ይሄዳሉ፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ አይመለሱም። ወረቀቱ ያላቸው ብዙዎች፥ በመሬቱ ላይ የተቀመጡት ጥቂቶች ሆነዋል። ብራንደር ታሂቲ ተቀምጦ ይህች ደሴት የእኔ ናት ይል እንደ ነበረ፥ ዛሬም ኦክላንድ ከተማ ተቀምጦ በፓልመርስተን ድርሻ አለኝ የሚል ሰው አለ፤ ልዩነቱ ይህኛው የሴቶቹ የልጅ ልጅ ልጅ መሆኑ ነው፤ ድርሻውም እውነት ነው። ያ ሰው አንድ ቀን በመርከብ መጥቶ ከጀልባ ቢወርድ፥ ከሦስቱ የየትኛው እናት ቤት እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ስሟንም ሲናገር የእርሷን ሽንሻኖ ያሳዩታል።